አለቃዬ ዘንድ የተላኩት ሽማግሌዎች

ሰው ሥራ ሊለቅ ሲያስብ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ወይም አንድ ቀን አልጋው ላይ ይቀርና ስልኩን ያጠፋል። እኔ ሥራ ልለቅ ሳስብ ግን ሽማግሌ ተላከ። ለእኔ ተልኮ ቢሆን እንኳ ምንም አልነበረም፤ ከእጮኛዋ ጋር እንደተኳረፈች ልጅ አንገቴን ደፍቼ እመከር ነበር። የተላከው ለአለቃዬ ነው። ያውም ልለቅ ማሰቤን ገና ለማንም ሳልነግር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በሰፈራችን በየበሩ እየተነገረ ያለው ከጫፉ ስለሆነ፣ ከሥሩ ካልተነገረ የምጎዳው እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ዓይን አፋር መሆኔን እወቁልኝ። ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ቤታችን ቁስቋም ነው። መውረጃዬ ሲቃረብ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ቦርሳዬን አነሣለሁ፣ ረዳቱን በዓይኔ እለማመጠዋለሁ። ረዳት ግን ዓይን አያነብም። ሌላ የሚወርድ ሰው ካለ ተመስገን ብዬ በሱ ጥላ እወርዳለሁ። ከሌለ መኪናው እስከሚያዞርበት ድረስ እሄድና ቁልቁለቱን በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ «ዛሬም አመሸሽ?» ስትለኝ «ሥራ በዝቶ ነው» እላለሁ። ይህን ስል ደግሞ የባሰ አፍራለሁ፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ አውቀዋለኋ!

ሥራዬ ሪፖርት ነው። የምሠራበትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ዕቃ የሚያስመጣ፣ የሚያከማችና የሚያከፋፍል፣ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ያለ ድርጅት ነው። እኔ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ እባላለሁ። ከየክፍሉ ሪፖርት እሰበስባለሁ፣ አንድ ላይ እሰፋቸዋለሁ፣ ያለፈውን ዓመት በዘንድሮው እለውጣለሁ፣ በየአንቀጹ መጨረሻ ላይ «ተጠናክሮ ይቀጥላል» እላለሁ። ምን እንደሆነ የማላውቀው ስንት ነገር በእኔ እጅ ተጠናክሮ እንደቀጠለ እግዜር ይወቀው። አንድ ጊዜ የማተሚያው ማሽን መኻል ላይ አንድ ገጽ በላብኝ። እኔም ሳላየው ጠርዤ አስገባሁት። ስለዚህ ሪፖርቱ የመጋዘኑን ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ፣ ገጹ ሲገለጥ «...በከፍተኛ ተነሣሽነት ሲዘምሩ ውለዋል» የሚል ሆነ። የሠራተኞች ቀን የተከበረበት ክፍል ነበር። አለቃዬ አቶ መኮንን እስከ መጨረሻው ገለጡትና ፈረሙበት። «እጅግ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ፊደሉን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ዓይኔ እየደከመ ነው።»

ይህ ሁሉ ባይጥመኝም ችዬው እኖር ነበር። የቻልኩትን ነገር ያፈረሰው የአንድ አዛውንት ባልደረባችን የጡረታ ሽኝት ነው። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ቢሮ ሠርተዋል። ኬክ ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተከፈተ፤ አቶ መኮንን ንግግር ሊያደርጉ ተነሡ። «እኚህ ሰው» አሉ፤ ቆም አሉ፤ ወደ ጣሪያው አዩ። «እኚህ ሰው... ሰዓት አክባሪ ነበሩ።» ከዚያ ተጨበጨበ። ሌላ የሚባል ጠፋ ማለት ነው። ቀጥሎ ስጦታው ተሰጠ፤ የግድግዳ ሰዓት። ሰዓት ሲቆጥር የኖረን ሰው፣ ከሰዓት በተገላገለበት ዕለት፣ ሰዓት አሸክመው ላኩት። ሰውዬው ሰዓቱን አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ አየሁና የያዝኩትን ኬክ ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ነው ፍለጋ የጀመርኩት። ምን እንደምፈልግ ባላውቅም ስልኬ ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ «የሰለቸ ሥራ» ብዬ ብጽፍበት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ ወጣት መካሪ በየቀኑ በቪዲዮ እየመጣ ይቆጣኝ ጀመር። «ማለዳ ተነሺ! ከፍ ወዳለ ቦታ ውጪና ራስሽን አድምጪ! የማያስፈልግሽን ነገር ከቤትሽ አስወጪ! ዝምታን ልመጂ!» ዝምታውን ድሮም እችልበት ስለነበር በቀሪው ላይ አተኮርኩ። ለቁስቋም ልጅ ከፍ ያለ ቦታ ማግኘት ችግር አይደለም፤ ከበር ወጥቶ መቀጠል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ጀመርኩ። ብርዱ አይጣል ስለሆነ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ እከናነባለሁ። ዳገት ስለሆነ ሰፊ ረጅም ቀሚስ እለብሳለሁ። እናቴ «ከሄድሽ አይቀር» ብላ ለጸበል ጀሪካን ታስይዘኛለች። ከቁም ሣጥኔ የማያስፈልገኝን አውጥቼ ለጎረቤት ሴቶች ሰጠሁ፤ ሱሪዎቹ አብረው ሄዱ። በዚያው ሰሞን ጨጓራዬ ተነሥቶ ሐኪም ሥጋና በርበሬ ከለከለኝ። እኔ ለእያንዳንዱ ነገር በቂ ምክንያት ነበረኝ። ሰፈሩ ግን ለሁሉም አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው።

እሳቱን የለኮስኩት ግን ራሴ ነኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ሳብላላው የሰነበትኩትን አወጣሁት።

«እማ፣ ሥራዬ አላረካኝም።»

«ደመወዝ ቀነሱብሽ?»

«አልቀነሱም።»

«ያ አለቃሽ አጉል ነገር አለሽ እንዴ?» አለች፤ ሰፌዱን አስቀምጣ ልትነሣ ምንም አልቀራት።

«ኧረ እማ! አቶ መኮንን ቀና ብለው ሰው አያዩም።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ትርጉም።»

እናቴ ነገሩን አዲስ የመጣ የእህል ዓይነት ይመስል አገላብጣ አየችው። «ትርጉም» አለች። «እሱ ደግሞ ከየት ነው የሚገኘው?»

«እኔም አላወቅሁም። ብቻ እየበሉ፣ እየጠጡ፣ ቢሮ እየገቡ እየወጡ መኖር ባዶ ሆነብኝ። ሰው ለዚህ ብቻ አልተፈጠረም። እንጦጦ ወጥቼ የማስበውም ይህንኑ ነው።»

የእናቴ ጣቶች ምስሩ ላይ ቀጥ አሉ። ነጠላዬን አየች፣ ቀሚሴን አየች፣ ባዶውን ቁም ሣጥኔን በበሩ አሾልካ አየች። «እሺ ልጄ» አለች በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ምስሩን እንደተሰጣ ትታ ወጣች። እናቴ ምስር ጀምራ ትታ አታውቅም። እኔ ሞኟ ግን «ለካ ትረዳኛለች!» ብዬ ደስ አለኝ።

የሄደችው ከአጥራችን ጀርባ ወዳሉት ወደ እትዬ ስንዱ ነበር። ለእትዬ ስንዱ የተነገረ ነገር ጆሮ ሳይሆን ሜዳ ነው የሚገባው። በሳምንቱ ሰፈሩ ስለ እኔ አንድ ቃል ሆነ፤ ልጅቷ ልትመነኩስ ነው።

እኔ ግን የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የታዘብኩት አንዳንድ ለውጦችን ብቻ ነበር። የኪዮስኩ ልጅ ሙዚቃውን ስደርስ ይቀንሳል። ከመንገድ ማዶ ቆሞ በፈገግታ ይሸኘኝ የነበረ አንድ መልከ መልካም ልጅ (እኔም እንዳላየሁ ሆኜ በደንብ አየው ነበር) አሁን ሳልፍ ማማተብ ጀመረ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያማትብብኝ ሳይሆን የሚያስቸግረኝ ነበር የሚያስፈልገኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ ተለወጠች። ድሮ «ከንፈርሽን ጥረጊ፣ ምን መሰልሽ!» ትለኝ የነበረች ሴት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ትራሴ ላይ ቀይ የከንፈር ቀለም አስቀምጣ ጠበቀችኝ። በማግሥቱ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ። ተከታታይ ድራማ ሲጀምር «ነይ እዪ፣ ሊጋቡ ነው!» ብላ ትጠራኛለች። «ጋብቻ እኮ ቅዱስ ነው» ትላለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

አንድ ምሽት ከታክሲ ወርጄ (አንድ ወራጅ ነበረ) ወደ ቤት ሳዘግም እትዬ ስንዱ በራቸው ላይ ያዙኝ።

«መቼ ነው የምትገቢው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የት?»

«ደብቂን እንጂ፤ መደበቁም ያባት ነው።» እጄን ለቀም አድርገው ሳሙት። የእኔን እጅ! «ልጄ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ። ያ ተከራዬ ኪራይም አይጨምር፣ ቤትም አይለቅ፤ በሱ ነገር እንቅልፍ የለኝ።»

«እትዬ ስንዱ፣ እኔ እኮ...» አልኩ። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ ነበር። በዕንባ የሚያይ ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት እንኳን ለእኔ ለደፋርም ይከብዳል። «እሺ» አልኩ።

ያቺ «እሺ» ናት የፈጀችኝ። በማግሥቱ አንዷ ልጇ ቪዛ እንዲመታለት ነገረችኝ፤ እሺ። ሌላዋ ባሏ የኳስ ውርርድ እንዲተው፤ እሺ። ሦስተኛዋ ምራቷ ወንድ እንድትወልድ፤ ከተቻለ ሁለት፤ እሺ። እሺ ካልኩ ደግሞ ሰው መዋሸት አልወድምና ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ቆሜ የሁሉንም አቀርብ ጀመር። ጸሎቴ ደግሞ እንደ ሪፖርቴ ነው የሚወጣው። «ጌታ ሆይ» እላለሁ፣ «ቀደም ሲል የቀረቡት ጉዳዮች እንደተጠበቁ ሆነው፣ በተለይ የእትዬ ስንዱ የተከራይ ጉዳይ አፋጣኝ ትኩረት እንዲሰጠው በትሕትና እየጠየቅሁ...» ልቤ ባትገታኝ ኖሮ ለሚመለከተው ሁሉ ግልባጭ ልል ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ተከራዩ ለቀቀ! ሰውዬው የለቀቀው ውሃ በሳምንት አንዴ እየመጣ ስላስመረረው ነው፤ ዕቃውን ሲጭን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ማን ይስማኝ። በዚያ ሳምንት ከታክሲ እስከ ቤቴ ያለችው አጭር መንገድ የእንጦጦን ዳገት ያህል ረዘመችብኝ፤ በየበሩ ጉዳይ ያለው ሰው ቆሟል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። አፈርኩ፣ ተሸማቀቅሁ፣ መንገድ ቀየርኩ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም አንዲት እናት «የኔ ነገር እንዴት ሆነ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የሠራሁትን ነገር ውጤት ሊሰማ እንደጓጓ አየሁ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ፣ ምንኩስናው ሐሰት ቢሆንም ስልችቱ እውነት መሆኑ ገባኝ። ያን ሥራ መልቀቅ አለብኝ። ለማንና እንዴት እንደምናገረው ነው የጨነቀኝ።

መጀመሪያ እናቴን ከስጋቷ ላውጣት ብዬ ሞከርኩ።

«እማ፣ እትዬ ስንዱ ስለ እኔ የሚሉት ነገር...»

«አትንገሪኝ!» ብላ ጆሮዋን ያዘች። «ካልነገርሽኝ አላወቅሁም። ካላወቅሁ አልከለከልኩም። እግዚአብሔር የጠራትን ልጅ ከልክዬ በሱ ፊት ምን ልባል ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ እኔ...»

«አልሰማሁም!» ብላ ወደ ማድቤት ገባች፤ ድስት ታንኳኳ ጀመር።

ኋላ እንደተረዳሁት እናቴ እኔን ሳትከለክል የምታስቀርበትን ዘዴ ስታወጣ ስታወርድ ነው የሰነበተችው። እግዚአብሔርን አትጥሯት ማለት አይቻልም። አለቃዬን አትልቀቋት ማለት ግን ይቻላል! ሥራው ከያዘኝ፣ ከተሾምኩ፣ ከተከበርኩ፣ ዓለም ትጥመኛለች። ስለዚህ ሽማግሌ መረጠች፤ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ፣ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጋሽ በላይ። ጋሽ በላይ በሽምግልና ከሠላሳ ትዳር በላይ አስታርቀዋል ይባላል፤ የተናገሩት ቃል ግን «እውነት ነው» የምትል ብቻ ናት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ አንዱን ነገር አጠናክሬ ሳስቀጥል፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሜሮን በክንዷ ጎሸም አደረገችኝ። ሜሮን የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የልቧን ሁሉ በአፏ የምታኖር ልጅ ናት። ቀና ስል በበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ይገባሉ። ነጫጭ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ከፊት የአባ መስቀል። 

እናንተም ታውቁታላችሁ። በጠዋት፣ በሥራ ቀን፣ ያልተጠሩ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ከቄስ ጋር ቢሮ ከመጡ አንድ ነገር ነው፤ መርዶ። ሰው ሁሉ የማን ይሆን ብሎ እርስ በርሱ ተያየ። የታመመ ዘመድ ያለው ሁሉ ወንበሩን ጨበጠ። ጋሽ ታደሰ ግን እኔን አይተው በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁልኝና አለፉ። ያኔ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «የሰፈሯ ሰዎች ናቸው!» ሲል ሰማሁ አንዱ።

ያሰብኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እማዬ! ሜሮን ስልኬን ከእጄ በዘዴ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላዋ ውሃ አመጣች። ስልክ ሲወሰድና ውሃ ሲመጣ ደግሞ የሚቀረው ለቅሶው ብቻ ነው። በመስኮት ወደ ግቢው ብመለከት፣ እናቴን አየኋት። ከዘበኛው ቤት ጀርባ ተደብቃ አንገቷን አስግጋ ወደ ላይ ታያለች። ስታየኝ ደንግጣ ጎንበስ አለች፤ ነጠላዋ ግን ሳይደበቅ ቀርቶባታል። በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው እንዲያ መደበቅ የማይችለው። በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ሽማግሌ ልካለች!

ይህን ሳስብ ሽማግሌዎቹ አቶ መኮንን ክፍል ገብተዋል። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ሁሉ ነገር ይታያል፤ በሩም ክፍት ነው። አቶ መኮንን ብድግ አሉ። «እንደምን አደራችሁ፤ ተቀመጡ እንጂ።»

ሽማግሌ ደግሞ ተቀመጡ ሲሉት አይቀመጥም። የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው። ጋሽ ታደሰ ጃንጥላቸውን ተደግፈው «አንቀመጥም» አሉ።

«ምነው? አባ፣ እርስዎስ?»

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ አባ፣ መስቀላቸውን እያነሡ።

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ በላይ።

አቶ መኮንን የሦስቱን ፊት በየተራ አዩ። አባታቸው አገር ቤት ታመው እንደሰነበቱ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ቀለማቸው ተለወጠ። ግድግዳውን ተደገፉና «አባዬን!» ብለው ጮኹ። «ወይኔ አባቴን! ሳልደርስልህ! ሳላይህ!»

ቢሮው በአንድ እግሩ ተነሣ። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፤ ሜሮን እኔን ለማቀፍ ያዘጋጀችውን ዕንባ ይዛ ወደ አለቃዋ ሮጠች። የመጋዘን ሠራተኞች ከታች እየሮጡ መጡ፤ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹስ? ጋሽ ታደሰ ሰውዬው እኔን በመበደሉ ተጸጽቶ የሚያለቅስ መሰላቸው። «ይኼንን ያህል ልቡ የሚራራ ሰው ነው እንዴ!» ብለው እሳቸውም ተንሰቀሰቁ። የእድር ዳኛ ናቸው፤ የሚያለቅስ ሰው ብቻውን ማስለቀስ በደንባቸው የለም። አባም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጋሽ በላይ በዕንባ መኻል «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላሉ።

በዚያ ሁሉ ሕንፃ ማንም እንዳልሞተ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አስቡት። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉን መናገር ያለበት ደግሞ ከሰው ሁሉ ተመርጦ እኔ። «ይቅርታ» አልኩ፤ አልተሰማም። «ይቅርታ፣ አንዴ...» አልኩ፤ አንዷ አቅፋኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። አቶ መኮንን መሬት ላይ ሊወድቁ ሲሉ አየሁና ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ማንም አልሞተም!»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ መስታወቱ ነዘረ። «የማንም አባት አልሞተም! እናትም አልሞተችም! ሽማግሌዎቹ የመጡት በእኔ ጉዳይ ነው!»

አቶ መኮንን አገር ቤት ደወሉ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ጭር ስላለ ሁላችንም ሰማን። «አለሁ! ማን ነው? መኮንን? ምነው ዛሬ፣ ማን አስታወሰህ? ስንሞት ነው የምትደውል መስሎኝ!» አቶ መኮንን ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «እመጣለሁ አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» እያሉ እንደ አዲስ አለቀሱ።

በዚህ መኻል በሩ ተበርግዶ እናቴ ገባች። ጩኸቱን ከግቢ ሰምታ ኖሮ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ አንድ ጫማዋ የለም። «ልጄን!» ትላለች። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ስታየኝ መጥታ እግሬን አቀፈች። «ምን አደረጉሽ? ደኅና ነሽ?» ወረድኩ። ራሴን፣ ፊቴን፣ እጄን ዳሰሰችኝ። ሁለታችንም አንገት ለአንገት ተያይዘን ትንሽ ቆየን፤ ሰው መኖሩንም ረሳሁት።

ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን አጸዱ። ሲያጠኑት የሰነበቱትን ንግግር ሳይናገሩ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። «አቶ መኮንን፣ የመጣነው ይህችን ልጃችንን ይዘን ነው። ልትመነኩስ ተነሥታለች። መንኖ መሄድ የተባረከ ነው። ግን እናት አንድ ልጅ ናት ያለቻት። ሥራው እንዲይዛት፣ እንዲደላት ቢያደርጉልን ብለን እግርዎ ላይ ወድቀናል።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ በላይ።

ቢሮው ሁሉ እኔን አየ። ሜሮን አፏን ይዛለች። ሽማግሌዎቹን አየሁ፤ የጋሽ ታደሰ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ በግልጽ ይታያል። «አልመነኩስም» አልኩ። «መመንኮስ አስቤ አላውቅም። ጨጓራዬን አሞኝ ነው።»

«ተመስገን!» አለች እናቴ። ሦስቱም ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ የቢሮው ወንበሮች ጮኹ። አቶ መኮንን አባታቸው ከሞት የተነሡላቸው ያህል ደስ ብሏቸዋል፤ ደስታቸውን የሚያወርዱበት ሰው ይፈልጉ ነበርና ወደ እኔ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘሽ ጥግ ተቀምጠሻል! ከዛሬ ጀምሮ የሪፖርት ቡድን መሪ ነሽ። የሦስቱንም ቅርንጫፍ ሪፖርት አንቺ ታጠቃልያለሽ!»

ተጨበጨበ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እኔም እንደ ልማዴ «እሺ» ልል «እ» የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ከጨረስኩት ነገር ሁሉ አለቀ። እናቴ ትደሰታለች፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ እኔም የሦስት ቅርንጫፍ ነገር ሳጠናክር አረጃለሁ።

«እ... አይሆንም፣ አቶ መኮንን» አልኩ። «አመሰግናለሁ። ግን ልለቅ ነው።»

«ወዴት?»

«እሱን ገና አላወቅሁም። ሰው ውጤቱን የሚጠይቀኝ ሥራ ነው የምፈልገው። እስክለቅ ድረስ ያለውን ሥራ በደንብ እጨርሳለሁ።»

 ጋሽ ታደሰ ወደ አባ ተመለከቱ፤ አባም ወደ ጋሽ በላይ። ከዚያ ሦስቱም ወንበራቸውን እየተደገፉ፣ እያቃሰቱ፣ እንደገና ቆሙ። ሊለምኑ ነው። የእኔም ዓይን ወደ እናቴ ሄደ፤ የላከቻቸው እሷ ናትና።

እናቴ አየችኝ።  ከዚያ ዞረችና «ይቀመጡ ጋሽ ታደሰ» አለች። «በራሷ አፍ ተናግራለች። በራሷ አፍ ስትናገር ስሰማ ዛሬ ገና ነው።»

«እህ፣ እንዲያ ከሆነማ» አሉ ጋሽ ታደሰ ወዲያው ተቀምጠው። «ጉልበቴም አልቻለ።»

ጋሽ በላይ የሚሉትን አሉ።

አቶ መኮንን ለዕለቱ ፈቀዱልኝና እኔና እናቴ አብረን ወጣን። ጠፍቶ የነበረውን ጫማዋን ዘበኛው አግኝቶ ሰጣት።  ሰፈራችን ልንደርስ ስንል እትዬ ስንዱ ከሩቅ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆመው ሲጠብቁን አየን። እኔ ደስታዬን ፊቴ ላይ ይዤው እሄድ ነበርና እናቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ።

«ነጠላሽን ሳብ አድርጊ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ፊትሽንም ትንሽ ኮስተር አድርጊው። ሰው ከቅድስና ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።»